ዝዮቹን ከእግረኛ መንገዱ ለማራቅ ከሣሩ ጀምሩ

ጥያቄ፦ «ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የግቢና የሕንፃ ጥገና ኃላፊ ነኝ። ከሕንፃው ጀርባ አነስ ያለ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አለ። ዙሪያውን የእግረኛ መንገድ ይዞረዋል። የካናዳ ዝዮች መንገዱን በኩስ ሞልተውታል። ጠዋት እናጥባለን፣ ከሰዓት ያው ነው። የፕላስቲክ ቀበሮ አቆምን፤ ሳምንት ሳይሞላ አጠገቡ ተኝተው አገኘናቸው። በጸደይ ደግሞ አንዱ ወንድ ዝይ ሰው እያባረረ አስቸገረን። ልንጎዳቸው አንፈልግም፣ ሕግም መጣስ አንፈልግም። ምን ይሻለናል?»

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። በግቢና በመናፈሻ የዱር እንስሳት ሥራ ላይ ላለን ሰዎች ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል። አብዛኛው ሰው ግን መፍትሔውን የሚፈልገው መንገዱ ላይ ነው። ኩሱ እዚያ ስለሚታይ አይፈረድበትም። ዝዮቹ ግን ለመንገዱ ግድ የላቸውም። የሚፈልጉት በአንዱ በኩል ያለውን ሣርና በሌላው በኩል ያለውን ውሃ ነው። መንገዱን የሚረግጡት ሲሻገሩ ነው። ሣርና ውሃው እንዲህ እንደተገናኙ እስከቀጠሉ ድረስ መንገዱን ብታጥብ፣ ብትረጭ፣ ብታጥር ነገ ተመልሰው ይመጣሉ።

አንድ ጠዋት ቆም ብለህ አንዷን ተከታተላት። ከውሃው ስትወጣ ዳሩ ላይ ትቆማለች። አንገቷን ቀጥ አድርጋ ግራ ቀኝ ታያለች። ሣሩ አጭር ከሆነ እስከ ሕንፃው ግድግዳ ድረስ ሁሉም ነገር ይታያታል። ቀበሮም ውሻም እንደሌለ ካረጋገጠች በኋላ አንገቷን ደፍታ መጋጥ ትጀምራለች። አንድ ነገር ቢያስደነግጣት በጥቂት እርምጃ ውሃው ውስጥ ናት። በየሳምንቱ የሚታጨድ፣ ማዳበሪያ የሚጨመርለት፣ ውሃ የሚጠጣ ለስላሳ ሣር እስከ ሐይቁ ጠርዝ ድረስ ሲዘረጋ ለዝይ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ሳናውቀው የምናዘጋጅላት እኛው ነን።

«ለምን ወደ ካናዳ አይሄዱም?» የሚል ሰው ግቢህ ውስጥ ሳይኖር አይቀርም። በበጋ የምታያቸው ዝዮች የሚሰደዱ አይደሉም፤ እዚሁ የተወለዱ ናቸው። ድሮ አዳኞች የዱር ዝዮችን ለማማለል በሕይወት ያሉ ዝዮችን አስረው ይጠቀሙ ነበር። ይህ በ1935 (እ.ኤ.አ.) ሲከለከል ብዙዎቹ ተለቀቁ። ትልቁ የካናዳ ዝይ ዝርያ ደግሞ ጠፍቷል ተብሎ ሲታመን በ1962 ሚኒሶታ ውስጥ ሮቸስተር ከተማ ላይ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ግዛቶች እያራቡ በየቦታው ለቀቋቸው። የእነዚያ ልጆች የስደት መንገድ የሚያስተምራቸው አልነበረም። ዝይ ደግሞ መብረር የተማረችበትን ቦታ አትረሳም፤ ለመውለድም ወደዚያው ትመለሳለች። ዘንድሮ ሐይቅህ ዳር የተፈለፈለ ጫጩት ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ የራሱን ጎጆ ሊሠራ ይመጣል። ዕድሜያቸውም ረጅም ነው፤ ሃያ ዓመት ያለፉም አሉ። ከኦክቶበር ጀምሮ ከሰሜን የሚመጡ ስደተኛ ዝዮች ይጨመሩባቸዋል፤ እነዚያ ግን ክረምቱን አሳልፈው ይሄዳሉ።

ሕጉን ማክበር እንደምትፈልግ መጻፍህ ደስ ብሎኛል። የካናዳ ዝይ በ1918 በወጣው የስደተኛ ወፎች ሕግ የተጠበቀች ናት። ያለ ፈቃድ መግደል፣ መያዝ፣ እንቁላል ወይም እንቁላል ያለበት ጎጆ መንካት ክልክል ነው። ሳይጎዱ ማባረር ግን የፌዴራል ፈቃድ አይጠይቅም። ለእንቁላል ጉዳይ ደግሞ ቀላል መንገድ አለ፤ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ የውሃውን ዳር ማጨድ አቁሙ። ከሐይቁ ጠርዝ ጀምሮ ቢያንስ ስድስት ሜትር፣ ቦታ ካለ እስከ አሥር ሜትር ስፋት ያለው ረጅም ተክል ይኑር። ቁመቱ ሰባ አምስት ሴንቲሜትር አካባቢ ይድረስ። ዝይዋ ከውሃው ስትወጣ ከዚያ ማዶ ያለው አይታያትም። የማይታያት ቦታ ውስጥ ቀበሮ ሊኖር ይችላል ብላ ትፈራለች። የፕላስቲኩ ቀበሮ ያላስፈራት ይህ ያስፈራታል፤ ምክንያቱም ፍርሃቱ የራሷ ነው፣ በየቀኑም አይለመድም።

በቨርጂኒያ ለዚህ የሚሆኑ የአገሩ ተክሎች ሞልተዋል። ስዊችግራስ የሚባለው ረጅም ሣር ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ በክረምትም ደረቁ አገዳው እንዳለ ይቆያል። ጆ ፓይ ዊድና ስዋምፕ ሚልክዊድ እርጥብ መሬት ይወዳሉ፣ አበባቸውም ያምራል። ሚልክዊድ የሞናርክ ቢራቢሮ አባጨጓሬ ምግብ ነው። ቤተ መጻሕፍት ስለሆናችሁ ለልጆች ፕሮግራም ሁሉ ይሆናችኋል። ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። ያልታጨደ ዳር «ግቢውን ረሱት» የሚል ቅሬታ ያመጣል። የአበባ ስም የተጻፈበት ትንሽ ሰሌዳና በመንገዱ በኩል በደንብ የታጨደ አንድ ሜትር ጠርዝ ካለ ግን ሰው ታስቦበት እንደተሠራ ያውቃል።

ሁለት ነገር ግን ጠንቀቅ በል። አንደኛ፣ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አብዛኛውን ጊዜ የጎርፍ ማጠራቀሚያ ነው፤ በአንድ በኩል የአፈር ግድብ ይኖረዋል። ግድቡ ላይ ዛፍም ቁጥቋጦም አይተከልም። ሥሩ በአፈሩ ውስጥ ለውሃ መንገድ ይከፍታል። የውሃ መውጫውም ለምርመራ ክፍት መሆን አለበት። ስለዚህ ካውንቲው ውስጥ የጎርፍ ውሃ ሥራ የሚከታተለውን መሐንዲስ ሳታማክር አካፋ አታንሣ። ሁለተኛ፣ አዲስ የተተከለ ቡቃያ ለዝይ ድግስ ነው። ነቅለው ይጨርሱታል። እስኪያድግ ድረስ በውሃው በኩል እንጨት እየተከላችሁ ሁለት መስመር ገመድ ዘርጉ፤ አንዱ ከመሬት አሥራ አምስት ሴንቲሜትር፣ ሌላው አርባ ሴንቲሜትር ከፍታ ላይ። ዝይ ከታች ማለፍም ከላይ መሻገርም ስለማይመቻት ትመለሳለች። ገመዱ ሰው እንዳያደናቅፍ በደማቅ ጨርቅ ምልክት አድርጉበት፣ እግረኛ የሚያልፍበት ቦታም ላይ አይሁን።

ሰው ወደ ውሃው መጠጋት ይወዳል፤ ይህን መከልከል የለባችሁም። በተክሉ መሃል ጠባብ መተላለፊያ ክፈቱ፣ ግን ቀጥ ያለ አታድርጉት። ጠመም ብሎ ይሂድ። ቀጥ ካለ ዝይዋ ከውሃው ሆና በዚያ ክፍተት ሣሩን ታየዋለች፣ መንጋው ሁሉ በዚያው በር ይወጣል።

«እየበረሩ ቢመጡስ?» ትለኝ ይሆናል። ይመጣሉ፤ ትልልቆቹ ክንፍ አላቸው። ነገር ግን ለማረፍና ለመነሣት ሰፊ ክፍት ቦታ ይፈልጋሉ። ከሕንፃው በኩል ባለው ሜዳ ላይ ዛፍ በዘለላ ብትተክሉ ማረፊያው ይቆራረጣል። ሰው የማይቀመጥበትን ሜዳ በሙሉ ሣር ማድረግም አያስፈልግም። በሚቀረው ላይ ማዳበሪያና ውሃ ቀንሱ፣ ማጨጃውንም ከፍ አድርጋችሁ እጨዱ። ጠንካራና ረጅም ሣር እንደ ለስላሳው አይጥማቸውም። በሐይቁ መሃል ትንሽ ደሴት ካለች ደግሞ ጎጆ የሚሠሩት መጀመሪያ እዚያ ነው። በክረምት ሳያስፈልግ የሚሠራ ፏፏቴ ካለም አጥፉት፤ ውሃው በረዶ እንዳይሠራ እያደረገ ለዝዮች ማደሪያ ይጠብቅላቸዋል።

ቀጥሎ እንቁላሉ። የሕዝብ ተቋማት እዚህ ላይ ያመነታሉ፣ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምገፋው ይህን ነው። ጫጩት ያላቸው ዝዮች ከማንም በላይ ከሐይቁ ጋር የታሰሩ ናቸው። ጫጩቱ ለመብረር ወደ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጅበታል። በዚያ ላይ ትልልቆቹ ራሳቸው ከጁን እስከ ጁላይ አጋማሽ አካባቢ የክንፍ ላባ ስለሚቀይሩ መብረር አይችሉም። ስለዚህ በሜይ ቤተሰብ የመሠረተ ጥንድ በጋውን በሙሉ በእግሩ እየሄደ በመንገድህ ላይ ይኖራል። ጫጩት ያልፈለፈሉት ግን ብዙዎቹ በሜይ መጨረሻና በጁን መጀመሪያ ላባ ለመቀየር ወደ ሰሜን ይበራሉ። አየህ፣ በኤፕሪል የምትሠራው ሥራ የጁላይን መንገድ ያጸዳል።

የዩናይትድ ስቴትስ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት ከ2006 ጀምሮ የመሬት ባለቤቶችና የአካባቢ መስተዳድሮች በድረ ገጹ በነጻ ተመዝግበው እንቁላል እንዳይፈለፈል እንዲያደርጉ ይፈቅዳል። ምዝገባው በየዓመቱ ይታደሳል። ሥራው የሚፈቀደው ከማርች 1 እስከ ጁን 30 ነው። ስንት ጎጆ እንደነካችሁ እስከ ኦክቶበር 31 ሪፖርት ታደርጋላችሁ። ግዛቱ ተጨማሪ ፈቃድ ይጠይቅ እንደሆነም ደውላችሁ አረጋግጡ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለሁለት ሆናችሁ ሂዱ። አንዱ ትልቅ ጃንጥላ ይዞ ይከፍተዋል፤ ወንዱ ዝይ ሲመጣ ጃንጥላውን በመሃል ያደርጋል። አይመታም፣ አይገፋም፣ ዝም ብሎ ይከልላል። ሌላው ጎጆው ጋ ቁጭ ይላል። አብዛኛውን ጊዜ አምስት ወይም ስድስት እንቁላል ይኖራል። እያንዳንዱን በባልዲ ውሃ ውስጥ በቀስታ ያስገባዋል። እንቁላሉ ከታች ከተኛ ገና ነው። ከውሃው በላይ ብቅ ብሎ ከተንሳፈፈ ውስጡ ያለው አድጓል፤ ያ እንቁላል ሳይነካ ወደ ጎጆው ይመለሳል። የእንስሳት ደኅንነት ድርጅቶች ያስቀመጡት ድንበር ይህ ነው፤ እኔም አልጥሰውም። የሰመጡት ደርቀው መቶ በመቶ የበቆሎ ዘይት ይቀባሉ። ወጥ ቤት ያለው ዓይነት መሆኑ ነው። ዘይቱ በቅርፊቱ አየር እንዳይገባ ስለሚያግድ ማደጉ ይቆማል። ከዚያ ሁሉም እንደነበሩ ይመለሳሉ። እናቲቱ መታቀፏን ትቀጥላለች። እንቁላሉን ብትወስዱባት ግን ሌላ ጎጆ ሠርታ እንደገና ልትጥል ትችላለች። መታቀፊያው ሃያ ስምንት ቀን አካባቢ ስለሆነ ማርችን ሙሉ ግቢውን ካልዞራችሁ ጊዜው ያመልጣችኋል። ጎጆ በአበባ መደብ፣ በመኪና ማቆሚያ መሃል ባለ የተክል መደብ፣ አንዳንዴም ጣሪያ ላይ ይገኛል።

በሠራተኞቻችሁ መካከል ይህ የሚከብደው ሰው ቢኖር አታስገድደው። ከልቡ የሚያዝን ሰው ተሳስቷል አልልም። እኔ የምመርጠው ከሌላው ጋር ሳነጻጽረው ነው። በአንዳንድ ቦታ ነገሩ ከእጅ ሲወጣ በላባ መቀየሪያው ወቅት፣ መብረር በማይችሉበት ጊዜ፣ በፈቃድ ሰብስበው ይገድሏቸዋል። ሣሩ ካልተለወጠ ደግሞ ቦታው ባዶ አይቆይም፣ ሌሎች ይመጡበታል።

ሦስተኛው ማባረር ነው። ጥሩ የሚሠራው የሠለጠነ ቦርደር ኮሊ ውሻ ከአሠልጣኙ ጋር ነው። ውሻው አይነክስም፣ አይነካቸውም። አጎንብሶ አፍጥጦ ሲጠጋቸው ሊበላቸው የመጣ አውሬ ይመስላቸዋል። ወሳኙ ጊዜው ነው። በፌብሩዋሪ፣ ጥንዶቹ ቦታ ሲመርጡ፣ ቀን በቀን በተለያየ ሰዓት ይምጣ። ከዚያ ጎጆ ባለበት ወቅት ይቁም። በሜይ መጨረሻ፣ እንቁላል ያልፈለፈሉት ለመሄድ ሲያመነቱ፣ እንደገና ይምጣ። መብረር የማይችሉ ዝዮችን ማሳደድ ግን ጭካኔ ነው፣ ጥቅምም የለውም፤ የት ይሄዳሉ? ባርክሮፍት ሐይቅ ዙሪያ፣ እዚያው ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ፣ ነዋሪዎቹ በ1990ዎቹ መጨረሻ እንቁላል መቀባትንና ውሻን በዚህ ቅደም ተከተል አገናኝተው ሠሩበት። ጊስፒስ («የዝይ ሰላም» እንደ ማለት) የሚባለው ንቅናቄ የተነሣው ከዚያ ነው። ከእናንተ ሩቅ ስላልሆነ ሄዳችሁ ብታዩት እመክራለሁ።

ውሻ ባጀት ካልፈቀደ አረንጓዴ የእጅ ሌዘር በማለዳና በምሽት ድንግዝግዝ ላይ ይሠራል። ቀን በፀሐይ ዋጋ የለውም። ወደ ሰማይ፣ ወደ መኪና መንገድ፣ ወደ መስኮት በፍጹም አይቃና፤ ወደ አውሮፕላን ማብራት የፌዴራል ወንጀል ነው። ሣር ላይ የሚረጨው፣ ከወይን ጣዕም የሚሠራው ሜቲል አንትራኒሌት ለጥቂት ጊዜ ይረዳል፤ ዝናብና ማጨጃ ይወስደዋል። ለበዓል ወይም ለዝግጅት ቀን ሜዳ ማስለቀቂያ ብትይዙት ይበቃል። የፕላስቲክ ጉጉት፣ የፕላስቲክ አዞ፣ ሰው የማይሰማው ድምፅ ያወጣል የሚባለው መሣሪያ ላይ ገንዘብ አታጥፉ። ያንን ድምፅ ወፎችም አይሰሙትም።

ምግብ መስጠት ካልቆመ ደግሞ የቀረው ሁሉ ግማሽ ነው። ሰው ዳቦ የሚወረውረው በክፋት አይደለም፣ ርኅራኄ ነው። ስለዚህ ሰሌዳው ቅጣት ብቻ አይጻፍበት፤ ምክንያቱ ይጻፍ። ዳቦ ጫጩቱን ያለ ልኩ ያሳድገዋል፣ ክንፉ ጠማማ ሆኖ መብረር እንዳይችል ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ነው ተብሎ ይታመናል፣ መንጋውንም ሰው እንዲደፍር ያስተምራል። እናንተ አካባቢ አማርኛ፣ ስፓኒሽና ኮሪያኛ የሚያነቡ ብዙ ናቸው። ልጅ ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ እናቶቻችን «እባክዎ ዝዮቹን አይመግቡ፤ ይጎዳቸዋል» የሚለውን በቋንቋቸው ቢያነቡ ይሰማሉ።

ይህ ሁሉ ፍሬ እስኪያፈራ ጽዳቱ ይቀጥላል። ስለ ጽዳት ስታስብ መጀመሪያ በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣውን ሰው አስብ። ጎማው ኩሱን ይረግጣል፣ ጎማውን የሚገፋው ደግሞ እጁ ነው። በዚያው እጅ መጽሐፍ ይገልጣል። ለዚህ ነው ከመኪና ማቆሚያው እስከ በሩ ያለው መንገድ ቤተ መጻሕፍቱ ሳይከፈት መጽዳት ያለበት። የቀረው ዙሪያ ሊዘገይ ይችላል። ኩሱ ውስጥ ኢኮላይን የመሰሉ ጀርሞች ሊኖሩ ይችላሉ፤ በመንገዱ ለሚያልፍ ጤነኛ ሰው አደጋው ትንሽ ነው፣ መውደቅ ይበልጥ ያሰጋል። የደረቀውን በቅጠል መንፊያ አትንፉት፤ ብናኙ ወደ ሰው ሳንባ ይገባል። ትንሽ ውሃ ርጩበት፣ በአካፋ ፋቁት፣ በከረጢት ወደ ቆሻሻ ይሂድ። ከዚያ ብቻ እጠቡ። ሁሉንም በግፊት ውሃ ወደ ሐይቁ ከገፋችሁት ናይትሮጅኑና ፎስፈረሱ አልጌ ይመግባል፣ በበጋ ውሃው ይሸታል። ሠራተኞቹ ጓንት ያድርጉ።

ሰውን የሚያባርረው ወንድ ዝይ ጎጆ እየጠበቀ ነው። ጎጆውን ፈልጉና በዙሪያው ያለውን መንገድ ለጥቂት ሳምንት በገመድ ዝጉ፣ ሌላ ማለፊያ አሳዩ። ለሠራተኞች ንገራቸው፦ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሲመጣ ጀርባ ሰጥቶ መሮጥ አይገባም፤ ፊት ለፊት እያዩት ቀስ ብሎ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ልጅ ካለ ከኋላችሁ ይሁን።

አንድ ነገር ሳልጨምር አላልፍም። ከ2022 ጀምሮ የወፍ ጉንፋን በአሜሪካ የዱር ወፎች ውስጥ በሰፊው ታይቷል። የሞተች ወይም እየተንገዳገደች የምትሄድ ዝይ ካያችሁ በባዶ እጅ አትንኩ፤ ሰውና ውሻ አርቁ፣ ለግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ደውሉ። የፌዴራሉ የግብርና መሥሪያ ቤት (ዩኤስዲኤ) ደግሞ በየግዛቱ የዱር እንስሳት አገልግሎት ቢሮ አለው፤ ለሌላውም ነገር ምክር በነጻ ይሰጣል።

በመጀመሪያው ዓመት ዝይ ጭራሽ አይታይም ብለህ ለአለቆችህ ቃል አትግባ። አይሆንም። አንድ ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ቆጥሮ ይመዝግብ፤ ትልቁንና ጫጩቱን ለየብቻ። ባጀት ስትጠይቅ የምታሳየው እሱን ነው። ተክሉም ሁለተኛ ዓመቱን ሲይዝ ነው በደንብ የሚከልለው። በኦገስት ቁጥሩ ካልቀነሰ ጻፍልኝ። ከውሃው ዳር ሆነህ፣ ስልክህን በዝይ ዓይን ቁመት ዝቅ አድርገህ፣ ወደ ሕንፃው ዙሪያውን ፎቶ አንሣና ላክ። ሣሩ የሚታይበት ክፍተት የት እንደቀረ ከዚያ እናገኘዋለን።